የአሮጌ ሚኒባስ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ለምን ይንቀጠቀጣል? ከጋራዥ ወጪና ከዓመታዊ ምርመራ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

ለረጅም ዓመታት ያገለገለ ሚኒባስ በትራፊክ መብራት ላይ ወይም ተሳፋሪ ለመጫን በቆመበት ጊዜ ሞተሩ ሊንቀጠቀጥ፣ ድምፁ ከፍና ዝቅ ሊል፣ አንዳንዴም ድንገት ሊጠፋ ይችላል። አሽከርካሪዎች ይህን ችግር «ሚኒሞ አይዝም» በማለት ይገልጹታል። ብዙ ባለንብረቶች ችግሩን የተሽከርካሪው እርጅና ያመጣው የማይቀር ጠባይ አድርገው በመቁጠር ለወራት ይታገሱታል፤ ሌሎች ደግሞ ምክንያቱ ሳይጣራ ዕቃ በዕቃ ላይ በመቀየር ከፍተኛ ወጪ ያወጣሉ።

ሁለቱም አካሄዶች ትክክል አይደሉም። የሚኒሞ መዛባት አብዛኛውን ጊዜ በቅደም ተከተል ቢፈተሽ ምክንያቱ የሚገኝለት ብልሽት ነው። ከምክንያቶቹና ከአባባሾቹ መካከልም ከሰው ሕይወት ጋር በቀጥታ የሚገናኙ አሉ፤ እነርሱም ለፍሬን ኃይል የሚሰጠው የጎማ ቱቦ መቀደድና የተቃጠለ ጋዝ ወደ ተሳፋሪዎች ክፍል መግባት ናቸው። ይህ ጽሑፍ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ችግሩን ከቀላሉና ወጪ ከማይጠይቀው ጀምረው እንዴት መለየት እንደሚችሉ፣ የትኛው ሥራ ለባለሙያ ብቻ የሚተው እንደሆነ እንዲሁም ተሽከርካሪውን ወደ ጋራዥና ወደ ዓመታዊ ምርመራ ሲያቀርቡ ምን ማረጋገጥ እንደሚገባቸው ያብራራል።

ሚኒሞ ምንድን ነው?

ሚኒሞ ማለት አሽከርካሪው ነዳጅ መስጫውን ሳይረግጥ ሞተሩ ሳይጠፋ ራሱን ችሎ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ ሚኒባሶች ይህ ፍጥነት በደቂቃ ከ650 እስከ 900 ዙር ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። ለእያንዳንዱ ሞተር የተወሰነው ትክክለኛ መጠን በአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ወይም በሞተር ክፍሉ ላይ በተለጠፈው ምልክት ይገለጻል።

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 750 ዙር ሲዞር በእያንዳንዱ ሰከንድ 25 ጊዜ ያህል ነዳጅ ያቃጥላል። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ሥራውን ካቆመ ከአራት ምት አንዱ ይጎድላል፤ ሚኒባሱን የሚያንቀጠቅጠውም ይህ ክፍተት ነው። ተሽከርካሪው በፍጥነት በሚጓዝበት ጊዜ ምቶቹ ስለሚቀራረቡና የመኪናው ክብደትም ዙሩን ስለሚያግዝ ጉድለቱ ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ «ሲሄድ ደህና ነው» የሚለው አባባል ሞተሩ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ በእኩልነት ለመሥራት አራት ነገሮችን ይፈልጋል። እነርሱም ተመጣጣኝ አየር፣ ተመጣጣኝ ነዳጅ፣ በትክክለኛው ጊዜ የሚመጣ የእሳት ብልጭታ እና በቂ እምቅታ ናቸው። የናፍጣ ሞተር የእሳት ብልጭታ አያስፈልገውም፤ በምትኩ ነዳጁ በከፍተኛ ግፊትና በትክክለኛው ጊዜ ሊረጭለት ይገባል። የማንኛውም ፍተሻ ዓላማ ከእነዚህ መካከል የጎደለውን ለይቶ ማወቅ ነው።

ከፍተሻ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

ፍተሻው ደልዳላ በሆነና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ሊከናወን ይገባል። የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ማርሹን ነጻ ማድረግና ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ማገድ ያስፈልጋል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አስነስቶ መሥራት ፈጽሞ አይፈቀድም። በብዙ አሮጌ ሚኒባሶች ሞተሩ የሚገኘው ከፊት መቀመጫ ሥር በመሆኑ መቀመጫው በሚነሳበት ጊዜ የሚዞሩ ቀበቶዎችና ማራገቢያ ለእጅ በጣም ቅርብ ይሆናሉ። ስለሆነም ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ረጅም እጅጌና ያልታሰረ ፀጉር ከአካባቢው ሊርቁ ይገባል። የነዳጅ ሽታ ወይም ፍሳሽ ካለ ደግሞ ሞተሩ ሳይነሳ በቅድሚያ ፍሳሹ መገኘት አለበት።

የመጀመሪያው ሥራ ምልክቱን መመዝገብ ነው

ጥሩ መካኒክ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል፤ ጥሩ ባለንብረትም መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለጥቂት ቀናት በማስታወሻ መመዝገብ የጋራዡን ሥራ በእጅጉ ያሳጥራል።

• መንቀጥቀጡ የሚታየው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፣ ሲሞቅ ነው ወይስ በሁለቱም ጊዜ?
• መንቀጥቀጡ እኩል ምት ያለው ነው ወይስ የተዘበራረቀ?
• ችግሩ ዝናብ ከዘነበ ወይም ሞተሩ ከታጠበ በኋላ ይብሳል?
• ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ የጀመረ ነው?
• በቅርቡ የተነካ ወይም የተቀየረ ክፍል አለ?
• ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ቀለም ምን ዓይነት ነው?

ጭሱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ጥቁር ጭስ ከአየሩ ይልቅ ነዳጁ መብዛቱን፣ ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ በቤንዚን ሞተር ላይ የማቀዝቀዣ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን፣ በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ ያልተቃጠለ ናፍጣ መኖሩን ሊያሳይ ይችላል።

የሞተሩ መንቀጥቀጥና የመኪናው መንቀጥቀጥም ሊለዩ ይገባል። የሞተሩ ድምፅ እኩልና የተስተካከለ ሆኖ ሳለ መሪውና ወለሉ ብቻ የሚርገበገቡ ከሆነ ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚያያይዙት የጎማ መደገፊያዎች ተበልተው ወይም ተሰንጥቀው ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ካርቡራቶር መፍታት ትርፉ ድካም ነው።

የቤንዚን ሞተር ፍተሻ በቅደም ተከተል

ሀ. አየር፦ በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮው ወጥቶ ይታያል። በአቧራ የተደፈነ ፊልትሮ ሞተሩን ያፍናል፤ ጥቁር ጭስና የነዳጅ ብክነትም ያስከትላል። ቀጥሎ ወደ ሞተሩ የሚገቡት የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ በእጅ እየተዳሰሱ ይፈተሻሉ። በእርጅናና በሙቀት የደረቀ ጎማ ከሥሩ ወይም ከማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። በዚህ ስንጥቅ በኩል ያልተለካ አየር ሲገባ ድብልቁ ይሳሳል፤ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል፣ ብዙ ጊዜም የፉጨት ድምፅ ይሰማል። የተጠረጠረውን ቦታ የሳሙና ውሃ በትንሹ በመርጨት ማጣራት ይቻላል። ውሃው ወደ ውስጥ ሲሳብና የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ቀዳዳው ተገኘ ማለት ነው። ውሃው የካንዴላ ገመዶችንና የኤሌክትሪክ ክፍሎችን እንዳይነካ መጠንቀቅ ያሻል። አንዳንዶች ለዚሁ ተግባር ቤንዚን ወይም ተቀጣጣይ ማጽጃ በሞቀ ሞተር ላይ ይረጫሉ፤ ይህ እሳት የሚያስነሳ አደገኛ ልማድ በመሆኑ ሊወገድ ይገባል።

ከእነዚህ ቱቦዎች መካከል ልዩ ትኩረት የሚሻው ሰርቮ ወደሚባለው የፍሬን አጋዥ የሚሄደው ነው። ይህ ቱቦ ወይም ሰርቮው ራሱ ከተቀደደ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያም በላይ አሽከርካሪው ፍሬን ለመያዝ ከወትሮው እጅግ የበለጠ ጉልበት እንዲያወጣ ይገደዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩ በጠፋበት የፍሬን ፔዳሉ እስኪጠጥር ድረስ ደጋግሞ ይረገጣል፤ ከዚያም እግር በፔዳሉ ላይ እንዳለ ሞተሩ ይነሳል። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ አጋዡ ይሠራል። ዝቅ ካላለ፣ ወይም ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ፉጨት ከተሰማና ሞተሩ ከተዛባ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ጭኖ መውጣት የለበትም።

ለ. የእሳት ብልጭታ፦ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ካንዴላዎቹ ወጥተው የወጡበትን ሲሊንደር ቅደም ተከተል ጠብቀው ይደረደራሉ። ቀለል ያለ ቡናማ ቀለም ያለው ካንዴላ ጤነኛ ነው። በደረቅ ጥቀርሻ የጠቆረ የነዳጅ መብዛትን፣ በዘይት የራሰ የፋሻ ወይም የቫልቭ መበላትን፣ የነጣና ጫፉ የተቃጠለ ደግሞ የድብልቅ መሳሳትን ወይም ከልክ ያለፈ ሙቀትን ያመለክታል። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ ችግሩ በዚያ ሲሊንደር ላይ ነው፤ አራቱም አንድ ዓይነት ሆነው ከተበላሹ ግን ምክንያቱ ሁሉንም የሚነካ፣ ለምሳሌ የአየር ወይም የካርቡራቶር ችግር ነው። ይህ ልዩነት በርካታ አላስፈላጊ ወጪዎችን ያስቀራል።

በክረምት ወራት ወይም ከእጥበት በኋላ የሚብስ መንቀጥቀጥ በአብዛኛው ከተሰነጠቀ የካንዴላ ገመድ ወይም እርጥበት ከገባበት የዲስትሪቢውተር ክዳን ይመነጫል። ሞተሩ በጨለማ ቦታ ሲነሳ በገመዶቹ ላይ ብልጭታ ከታየ መከላከያቸው ተበልቷል። መካኒኮች ደካማውን ሲሊንደር ለመለየት ገመዶቹን በየተራ የማላቀቅ ዘዴ ይጠቀማሉ። የሚሠራ ሲሊንደር ገመድ ሲላቀቅ ሞተሩ ይበልጥ ይዛባል፤ የማይሠራው ሲላቀቅ ግን ለውጥ አይታይም። በገመዶቹ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው በመሆኑ ይህን ሥራ ተስማሚ መሣሪያ ላለው ባለሙያ መተው ተገቢ ነው።

ሐ. ነዳጅ፦ በካርቡራቶር የሚሠሩ ሞተሮች ለሚኒሞ ብቻ የተለየ፣ በጣም ጠባብ የነዳጅ ቀዳዳ አላቸው። ከጀሪካን ወይም ከታንከር ግርጌ የመጣ ጥቂት ቆሻሻ ይህን ቀዳዳ ሲደፍነው ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው በደንብ ይሠራል፤ ሲለቀቅ ግን ይጠፋል። መፍትሔው ቀዳዳውን ማጽዳት፣ የነዳጅ ፊልትሮውን መቀየርና የቆሻሻውን ምንጭ ማስወገድ ነው። ነዳጅ በሚረጭ ዘመናዊ ዘዴ በሚሠሩት ደግሞ የአየር መግቢያው በካርቦን መቆሸሽና ሚኒሞውን የሚቆጣጠረው ቫልቭ መጣበቅ ተደጋጋሚ ምክንያቶች ናቸው። በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት መብራት ከበራ ዕቃ ከመቀየሩ በፊት የተመዘገበው የብልሽት ኮድ መነበብ ይኖርበታል።

የአገራችን መልክዓ ምድርም በዚህ ረገድ ሚና አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራቶር ይህን ልዩነት ራሱ ስለማያውቅ በቆላ የተስተካከለ ሞተር ወደ ደጋ ሲወጣ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል። በአዲስ አበባ የተስተካከለው ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ድሬዳዋ ሲወርድ ድብልቁ ይሳሳል። ስለሆነም ሚኒባሱ አብዛኛውን ጊዜ በሚሠራበት አካባቢ ማስተካከል ይመረጣል።

መ. እምቅታ፦ ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ደህና ሆነው ሲገኙ ብቻ የእምቅታ መለኪያ መጠቀም ያስፈልጋል። የአንዱ ሲሊንደር ውጤት ከሌሎቹ በጉልህ ካነሰ ጥቂት የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ እንደገና ይለካል። ውጤቱ ከፍ ካለ ፋሻው፣ ካልተለወጠ ቫልቩ ይጠረጠራል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከደከሙ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቃጠሉ ያሳስባል፤ በተለይ የራዲያተር ውሃ ያለ ፍሳሽ የሚጎድል ወይም የሞተር ዘይቱ ወተት የመሰለ ቀለም የያዘ ከሆነ። ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚዛባ ከሆነም ክፍተታቸው የጠበበ ቫልቮች ምክንያት ሊሆኑ ስለሚችሉ የሞተር እድሳት ከመወሰኑ በፊት ይህ ማስተካከያ መሞከር አለበት።

የናፍጣ ሞተር ልዩ ገጽታ

የናፍጣ ሞተር ሲንቀጠቀጥ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት በነዳጅ መስመሩ ውስጥ የገባ አየርና በፊልትሮው ግርጌ የተጠራቀመ ውሃ ናቸው። ብዙዎቹ ፊልትሮዎች ውሃውን ለማውረድ የሚያስችል መክፈቻ ስላላቸው ውሃውን ማውረድ፣ ከዚያም በእጅ ፓምፑ አየሩን ማስወጣት ችግሩን ብዙ ጊዜ ይፈታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳማ ጠዋቶች ብቻ የሚንቀጠቀጥና ነጭ ጭስ የሚያወጣ፣ ሲሞቅ ግን የሚስተካከል ሞተር ሲሊንደሩን ቀድመው ከሚያሞቁት ካንዴሌታዎች አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ተቃጥሎበት ሊሆን ይችላል።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ምቱ የሚጎድል ከሆነ ነዳጅ የሚረጨው አፍንጫ በባለሙያ ሊፈተሽ ይገባል። በዚህ መስመር ውስጥ ያለው ግፊት ቆዳን በስቶ የመግባት ኃይል ስላለው ፍሳሽን በጣት መፈለግ እጅግ አደገኛ ነው፤ ናፍጣ ወደ ቆዳው የገባበት ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ተቋም ሊሄድ ይገባል። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች የፍሬን አጋዡ ኃይል የሚያገኘው ከተለየ ፓምፕ በመሆኑ የቱቦው መቀደድ ሞተሩን ላያንቀጠቅጥ እንደሚችል መታወቅ አለበት። ስለዚህ ከላይ የተገለጸው የፔዳል ፍተሻ ለናፍጣ ሚኒባስም በየጊዜው ሊደረግ ይገባል።

ችግሩን የሚሸፍኑ ልማዶች

በጣም የተለመደው ስሕተት ሞተሩ እንዳይጠፋ ሚኒሞውን በመፍቻ ከፍ ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ ድምፁ ይሻሻላል፤ ብልሽቱ ግን በቦታው ይቆያል። የነዳጅ ፍጆታው ይጨምራል፣ ሞተሩ ያለ አግባብ ይሞቃል፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ፍሬንን የማገዝ አቅሙ ይቀንሳል።

ለአብነት ያህል፣ አንድ ባለንብረት የሚኒባሱ ሞተር መንቀጥቀጥ ሲጀምር በመጀመሪያ ካንዴላዎቹን ይቀይራል፤ ለውጥ ሲያጣ ካርቡራቶሩን ያሳድሳል፤ በመጨረሻም ሚኒሞውን ያስጨምራል። መንስኤው ግን ወደ ፍሬን አጋዡ የሚሄደው ቱቦ ከማሰሪያው ሥር መሰንጠቁ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ቀን የአሥር ደቂቃ ፍተሻ በጥቂት ወጪ ይገላግለው ነበር። በእነዚህ ሳምንታት ሁሉ የደከመ ፍሬን ባለው ሚኒባስ ሰው ሲያጓጉዝ መቆየቱ ደግሞ ከባከነው ገንዘብ በላይ የከፋ ነው።

ሌላው አደጋ በዓይን የማይታየውና ሽታ የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ነው። በአግባቡ የማያቃጥል የቤንዚን ሞተር ይህን ጋዝ በብዛት ያመነጫል። የጭስ ማውጫው ወይም ማርሚታው የተቀደደ፣ ከመቀመጫው ሥር ያለው የሞተር ክዳን ጎማም የተበላ ከሆነ ጋዙ ወደ ተሳፋሪዎች ክፍል ሊገባ ይችላል። አሽከርካሪው፣ ረዳቱ ወይም ተሳፋሪዎች በጉዞ ላይ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማቸው መስኮቶችን ከፍቶ ወዲያውኑ መቆም፣ ተሳፋሪዎችን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል።

ጋራዥ ሲኬድ

ባለንብረቱ ለመካኒኩ ሊያቀርብ የሚገባው ያየውን ምልክት እንጂ የገመተውን ዕቃ አይደለም። «ካርቡራቶሩን ፍታልኝ» ከማለት ይልቅ «ሲሞቅ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ ፍሬን ስይዝ ይብሳል» ማለት የተሻለ ውጤት ያስገኛል። ከሥራው በፊት የሚቀየረው ዕቃ በምን ፍተሻ መበላሸቱ እንደተረጋገጠ መጠየቅ፣ ዋጋውን በጽሑፍ መቀበል፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መረከብና ደረሰኝ መያዝ የባለንብረቱ ተገቢ ጥንቃቄዎች ናቸው። በአንድ ጊዜ ብዙ ዕቃ ከመቀየር ይልቅ አንዱን ለውጦ ውጤቱን ማየት የችግሩን ትክክለኛ ምንጭ ያሳያል።

ከዓመታዊ ምርመራ ጋር ያለው ግንኙነት

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ሊደረግላቸው ይገባል። ብዙዎች ግን ለምርመራ የሚዘጋጁት የቦሎ ማደሻ ጊዜ ሲደርስ ብቻ በመሆኑ የተገኘውን ጉድለት ለማስተካከል ሲጣደፉ የሥራ ቀን ይባክንባቸዋል፤ ለተጋነነ ወጪም ይዳረጋሉ። የሚኒሞ መዛባት ከታየ ምርመራው ከመድረሱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የአየር ፊልትሮውን፣ የጎማ ቱቦዎቹን፣ የፍሬን አጋዡን፣ ካንዴላዎቹን ወይም የናፍጣ ፊልትሮውን እንዲሁም ጭስ ማውጫውን ማስፈተሽ ይመከራል።

ምርመራው በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ሲሆን ሚኒባሱ ግን በየዕለቱ ሰው ይጭናል። ስለሆነም የፔዳሉን ፍተሻ በየማለዳው ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ማከናወን፣ የተዛባ ድምፅም ሲሰማ ሳይዘገይ መንስኤውን ማጣራት የእያንዳንዱ ባለንብረትና አሽከርካሪ ኃላፊነት ነው። የፍሬኑ አጋዥ አለመሥራቱ ወይም የጭስ ሽታ ወደ ውስጥ መግባቱ ከታወቀ ግን ቀጠሮ አያስፈልገውም፤ ተሽከርካሪው ተጠግኖ እስኪረጋገጥ ድረስ ከስምሪት ውጭ ሊሆን ይገባል።